አሜጃን በድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ማብቀል ይቻላል?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ሲወጣ ገደሉ ላይ፣ ከዐለት ስንጥቅ ብቅ ብሎ ቢጫ የሚያብበው ቁጥቋጦ አሜጃ ነው ብለውኛል። ግቢያችን ውስጥ ከፊሉ ደረቅ ካብ፣ ከፊሉ በሲሚንቶ የተገነባ እርከን አለ። ከኋላው ያለው አፈር ዋልካ ነው። እዚያ ይበቅል ይሆን? ነቅሎ ማምጣት ነው የሚሻለው ወይስ ዘር?

ችግኝ አፍይ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አሜጃ መሆኑን አረጋግጪ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን ያቀፈ ነው፤ ወደ ፀሐይ አንስተሽ ስታዪው በመርፌ የተወጋ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች አሉት። አበባው አምስት ቅጠል አለው።

ነቅሎ ማምጣት ይቅር። ሳንቃበር ያለበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፤ ከፓርኩ ውጭም ቢሆን ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ስንጥቁ ውስጥ ይቀሩና እጅሽ ላይ የሚመጣው ጉቶ ብቻ ነው። ዘር ያዢ። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሳይከፈት ቆርጠሽ በወረቀት ከረጢት አድርቂው፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ አፈር በያዘ ዕቃ ላይ በትኚው፤ አፈር አታልብሺው፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ከላይ ውሃ ካፈሰስሽበት ዘሩ ታጥቦ አንድ ጥግ ይከማቻል፤ ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጠሽ ከታች ይምጠጥ። በጥር የተዘራ 8 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ በሰኔ መጀመሪያ ይተከላል፤ ካልደረሰ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ይቆይ።

የዳባት ካብ፦
ካቡን በተመለከተ፣ ሲሚንቶ ያለበትን ተይው። ውሃ መውጫ ስለሌለው ሥሩ ይበሰብሳል። በደረቁ ካብ ላይ ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ያለ ስንጥቅ ምረጪ፣ ዝናቡ ወደ ሥሩ እንዲገባ። ዋልካውን ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ቆፍረሽ አውጪ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሳል። በምትኩ 3 እጅ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ ቀይ አፈርና ግማሽ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ሙዪ። ፍግ አታብዢ፤ ለስላሳ ቀንበጥ ያስወጣና በመጋቢት ፀሐይ ያቃጥለዋል። ችግኙን አስተኝተሽ አስገቢ፣ በጠፍጣፋ ስባሪ ድንጋይ ወጥሪው። ይህ ካልተደረገ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ችግኝ አፍይ፦
በግማሽ ኮምፖስቱ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሜጃ ድንጋይ ወዳድ ሆኖ አይደለም ገደል ላይ የቀረው። ደልዳላው ቦታ ላይ መጥረቢያና ከብት ይደርስበታል። ከዐለቱ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ሥርና ውሃ የማይተኛበት አፈር ነው። ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ ናት፣ እሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን ደጋ ነው የለመደው፤ ስለዚህ ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው።

የአዘዞዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደረቁ ካብ ግን ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው።

የዳባት ካብ፦
እንግዲያው የከሰዓቱ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘዋል፤ ድንጋዩም ግሎ ያድራል። የዛፍ ጥላ የሚያርፍበት ጫፍ ካለ አሜጃውን እዚያ ትከዪ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለቴ ማታ ማታ ውሃ አጠጪው። ጥላ ከሌለ እዚያ ላይ ቀጋ ይሻላል፤ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ ያብባል፣ በጎንደር ከፍታም በራሱ ይበቅላል። እሾህ ስላለው ከመተላለፊያ አርቂው።