ታክሲ ውስጥ ስገባ ፍርሃት ይይዘኛል፤ ምን ላድርግ?

ወገኖቼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የዛሬ ሦስት ወር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። እኔ በጭረት ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ረዳቱ በሩን ሲዘጋው እጄ በላብ ይርሳል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ «ወራጅ አለ!» ብዬ እወርዳለሁ። ሥራ የምሄደው በእግሬ ሆኗል። ጫማዬም አለቀ።

ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ የሚናገረውን መዝሙር 90ን (በሌላው አቆጣጠር 91) በቃሌ ነው የማውቀው። እየደገምኩትም እፈራለሁ! አንዷ ጓደኛዬ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አለችኝ። ይሄ ከፍርሃቱ በላይ አመመኝ። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ ልትገድለው የዛተችውን ንግሥት ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ለምኗል። መልአኩም እንጎቻ አበላው እንጂ አልተቆጣውም።

ለንስሐ አባቴ ለመናገር አፈርኩ። ሐኪም ጋ ብሄድስ እግዚአብሔርን አለማመን ይሆንብኛል? እንዲህ ሆኖ ያለፈለት ካለ፣ በሩ ሲዘጋ ምን ብላችሁ ጸለያችሁ?