ከዴስክቶፕ ስንወጣ አብሮ የማይዘጋ ስክሪፕት

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደቢያን ሊኑክስ ላይ አይ3 የተባለውን የመስኮት አስተዳዳሪ እጠቀማለሁ። አዳዲስ ፋይሎችን እየተከታተለ ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚገለብጥ የባሽ ስክሪፕት አለኝ፤ የሚነሣውም ከአይ3 ኮንፊግ ፋይል ነው። ሎግአውት ሳደርግ መስኮት ያላቸው ፕሮግራሞች ሲዘጉ እርሱ ግን ይቀራል፤ ተመልሼ ስገባ ሁለተኛ ቅጂ ይነሣና በአንድ ፋይል ላይ ይጋጫሉ። ፕሮግራምን በስሙ ፈልጎ ከሚዘጋው «ፒኪል» የተሻለ ሥርዓት ያለው መንገድ ይኖራል?

መልስ 1፦
መስኮት ያላቸው ፕሮግራሞች የሚዘጉት መስኮቶችን ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ከኤክስ ሰርቨር ጋር ያላቸው ግንኙነት ስለሚቋረጥ ነው፤ የእርስዎ ስክሪፕት ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት ስለሌለው ሴሽኑ (ከመግባት እስከ መውጣት ያለው ቆይታ) ማለቁን የሚነግረው የለም። የተጠቃሚዎችን መግባትና መውጣት በሚከታተለው በሎግይንድ ቅንብር «ኪልዩዘርፕሮሰስስ»ን «የስ» አድርጉ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ከሎግአውት በኋላም እንዲቀጥል ሆን ተብሎ በቲመክስ (ተርሚናልን ከበስተጀርባ በሚያቆይ ፕሮግራም) የተተወውን ሥራም ይገድላልና። ስክሪፕቱን የሲስተምዲ ዩዘር ሰርቪስ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ሲስተምዲ በእርስዎ ስም የሚያስተዳድረው አገልግሎት) ያድርጉትና «ፓርትኦፍ» እና «ዋንትድባይ» በሚሉት መስመሮች ከ«ግራፊካል-ሴሽን.ታርጌት» ጋር ያያይዙት፤ ታርጌት ማለት ሰርቪሶችን በአንድነት የሚያስተሳስር የሲስተምዲ ስም ነው። ያለ «ፓርትኦፍ» ታርጌቱ ሲቆም ሰርቪሱ አይቆምም። አይ3 ይህን ታርጌት በራሱ አያስነሣም፣ ታርጌቱም በቀጥታ መነሣትን አይቀበልም፤ ስለዚህ እርሱን በ«ባይንድስቱ» መስመር የሚጠራ የራስዎን ታርጌት ጽፈው፣ ሲገቡ በሚሠራው በ«ኤክስሴሽን» ፋይል ውስጥ ከአይ3 በፊት ያስነሡት፣ አይ3 ሲያልቅ ያቁሙት። አይ3ን በ«ኤግዜክ» ከጠሩት ግን አይ3 የስክሪፕቱን ቦታ ስለሚተካ ከእርሱ በኋላ ያለው የማቆሚያ መስመር ከቶ አይደረስበትም።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሰርቪሱ በጊዜው መቆሙ ብቻ አይበቃም። ሲስተምዲ በነባሪ አሠራሩ «ሲግተርም»ን (የመዝጊያ ሲግናል) በሰርቪሱ ሥር ላሉት ፕሮሰሶች ሁሉ ስለሚልክ በዚያ ቅጽበት የሚገለብጠው የ«ሲፒ» ትእዛዝም ይቋረጥና ጎደሎ ፋይል ይተዋል። በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ «ኪልሞድ»ን «ሚክስድ» ቢያደርጉት ሲግናሉ ለባሽ ብቻ ይደርሳል፤ ስክሪፕቱ ውስጥ «ትራፕ» (ሲግናል ሲደርስ የሚፈጸም ትእዛዝ) ካለ ደግሞ ባሽ የያዘው ትእዛዝ ሳያልቅ ስለማያስፈጽመው የተጀመረው ቅጂ ይጠናቀቃል። ይኸው ጠባይ ለተወሰነ ጊዜ በሚያስቆመው በ«ስሊፕ» ላይ ግን ይጎዳል፦ 5 ደቂቃ የሚተኛ ስክሪፕት ሳይነቃ የ90 ሰከንዱ ነባሪ ገደብ ያልፍና «ሲግኪል» (የግድ የሚገድል ሲግናል) ይላክበታል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም። «ስሊፕ»ን ከበስተጀርባ አስነሥተው በ«ዌይት» ይጠብቁት፤ «ዌይት» ሲግናል እንደ ደረሰ ወዲያው ይመለሳል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከ90 ሰከንድ በላይ የሚፈጁ ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችስ?

መልስ 2፦
የመቆሚያውን ገደብ የሚወስነውን «ታይምአውትስቶፕሴክ»ን ማራዘም ይቻላል፤ ሎግአውቱ ግን ያንኑ ያህል ይጠብቃል። ይልቁንስ እዚያው ዲስክ ላይ በጊዜያዊ ስም ይገልብጡና ሲያልቅ ስም በሚቀይረው በ«ኤምቪ» ትእዛዝ ትክክለኛውን ስም ይስጡት፤ ስክሪፕቱም በተነሣ ቁጥር በጊዜያዊ ስም የቀሩትን አጥፍቶ ይጀምር።