በሪፕ ቨርዥን 1 እና ቨርዥን 2 መካከል ያለው ልዩነት፦ ፒንግ አንዱ ደርሶ ቀጣዩ ለምን ይቀራል?

የኔትወርክ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሦስት የሲስኮ ራውተሮች ሪፕን (ራውተሮች የሚያውቋቸውን መንገዶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል) እየተለማመድኩ ነው። የግራው ራውተር 172.16.1.0/24ን፣ የቀኙ ደግሞ 172.16.2.0/24ን ይዟል፤ ሁለቱም ከመካከለኛው ጋር የተገናኙት በ10.1.1.0/30 እና በ10.1.1.4/30 መስመሮች ነው። ከመካከለኛው ወደ 172.16.1.1 ፒንግ (መልእክት መድረሱን የሚፈትን ትእዛዝ) ሳደርግ አንዱ ይደርሳል፣ ቀጣዩ ይቀራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ይደርሳል። ገመዱን ቀይሬ፣ አድራሻዎቹንም ደጋግሜ አይቼ ስህተት አላገኘሁም። «ራውተር ሪፕ» ብዬ ኔትወርኮቹን ከማስገባት በቀር ያዘዝኩት ነገር የለም። ችግሩ ከቨርዥን ልዩነት የመጣ ይሆን?

ነባር ቴክኒሻን፦
አዎ፣ ከዚያው የመጣ ነው። ቨርዥኑን ለይተው ካላዘዙት የሲስኮ ራውተር የሚልከው ቨርዥን 1ን ብቻ ነው፤ ሲቀበል ግን ሁለቱንም ይቀበላል። በ1988 በአርኤፍሲ 1058 (የኢንተርኔት ደንቦች ከሚጻፉባቸው ሰነዶች አንዱ) የተጻፈው ቨርዥን 1 በመልእክቱ ውስጥ ሰብኔት ማስክ፣ ማለትም ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አይልክም። ስለዚህ የግራው ራውተር ወደ 10 ኔትወርክ ሲያስተላልፍ አድራሻውን በክላሱ (በቀድሞው የአድራሻ ምድብ፣ እዚህ /16) ጠቅልሎ «172.16.0.0 በእኔ በኩል ነው» ይላል፤ የቀኙም ያንኑ ይላል። መካከለኛው ሁለቱን በእኩል ርቀት ስለሚያያቸው ፓኬቶቹን ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ ወደ ቀኝ የሄደው ፓኬት መድረሻ አጥቶ ይቀራል። «ሾው አይፒ ራውት» ብለው ቢመለከቱ 172.16.0.0 በሁለት አቅጣጫ፣ በሁለቱም [120/1] (120 ሲስኮ ለሪፕ የሚሰጠው የተአማኒነት ደረጃ፣ 1 ርቀቱ) ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል።

ፓኬት አንባቢ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው መልእክቱ ራሱ እንዴት እንደተለወጠ ነው። በቨርዥን 1 እያንዳንዱ የመንገድ መረጃ 20 ባይት ሲሆን፣ ግማሹ ቦታ ዜሮ ሆኖ እንዲላክ የታዘዘ ነበር። የቨርዥን 2 አዘጋጆች መልእክቱን አላሰፉትም፤ ሰብኔት ማስኩን፣ ቀጣዩን ራውተር እና የመንገዱን መለያ በእነዚያ ባዶ ቦታዎች አስገቧቸው። ይህ ቁጠባ ያለው ማሻሻያ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቧቸው ደስ ይለኛል።

ሌላው ለውጥ አላላኩ ነው። ቨርዥን 1 በየ30 ሴኮንዱ በ255.255.255.255 ለሁሉም ስለሚያሰራጭ፣ ሪፕን የማያውቁ ኮምፒውተሮችም ሳይቀሩ መልእክቱን ተቀብለው ለመጣል ይገደዳሉ፤ ቨርዥን 2 ግን በ224.0.0.9 የሚልከው ለሚመለከታቸው ራውተሮች ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማረጋገጫ ጉዳይ ነው፤ ቨርዥን 1 የይለፍ ቃል ስለማያውቅ፣ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ሰው ሪፕ በሚጠቀምበት በር፣ በዩዲፒ 520፣ የሐሰት መንገድ ቢልክ ራውተሩ ያምነዋል። የ15 ሆፕ (በመንገድ ላይ የሚታለፉ ራውተሮች ብዛት) ገደብ ግን በሁለቱም እንዳለ ነው።

የኔትወርክ ተማሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በሦስቱም ላይ «ቨርዥን 2» ብዬ አዘዝኩ፤ ሆኖም ሰንጠረዡ አሁንም 172.16.0.0ን በሁለት አቅጣጫ ያሳየኛል። ማስኩ የሚላክ ከሆነ ይህ ለምን ሆነ?

ነባር ቴክኒሻን፦
ማስኩ ይላካል፤ ነገር ግን የሚላከው የተጠቀለለው አድራሻ ማስክ ነው። ሲስኮ በቨርዥን 2ም ቢሆን በክላስ ድንበር ላይ መጠቅለልን አስቀድሞ ያበራዋልና፣ በግራው እና በቀኙ ራውተር በሪፕ ትእዛዝ ሥር «ኖ አውቶ-ሰመሪ» ብለው ያጥፉት። ካጠፉት በኋላ የቀድሞው መንገድ ወዲያው ስለማይጠፋ እንዳይደናገጡ፤ ራውተሩ 180 ሴኮንድ ያህል አዲስ ወሬ ካልሰማ በኋላ ነው የማይሠራ ብሎ የሚቆጥረው። መጠበቅ ካልፈለጉ በመካከለኛው ላይ «ክሊር አይፒ ራውት» ብለው ኮከብ ምልክት ይጨምሩበት፤ በሚቀጥለው የ30 ሴኮንድ መልእክት 172.16.1.0/24 በግራ በኩል ብቻ፣ 172.16.2.0/24 ደግሞ በቀኝ በኩል ብቻ ይገባሉ።