ደረጃ 1፣ ደረጃ 3፣ «መካከለኛ ስጋት»፦ በታይሮይድ ካንሰር የትኛውን ምደባ እንመን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመቷ ታላቅ እህቴ ፓፒላሪ በሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ምክንያት የታይሮይድ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። የፓቶሎጂ ውጤቱ እንደሚለው ካንሰሩ 3 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከዕጢው ሽፋን አልፎ አልወጣም፤ ነገር ግን ከአንገቷ መሃል በተወሰዱ 7 ንፍፊቶች ውስጥ ተገኝቷል፤ ከእነሱም ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሳንባዋም አጥንቷም ነጻ ናቸው። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት «ደረጃ 1» ይላል፤ የምትከታተላት ሐኪም «መካከለኛ ስጋት» ብላታለች፤ እኔ ደግሞ አንድ የቆየ የሕክምና መጽሐፍ ገልጬ ሳመሳክር «ደረጃ 3» ሆኖ አገኘሁት። ቤተሰቡ በሦስቱ መካከል እንቅልፍ አጥቷል። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር እህትዎን ይማርልዎ። በአንገት ቀዶ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ሁለቱ ትክክል ናቸው፤ የመጽሐፉ ግን ጊዜው አልፎበታል። ያዩት የቲኤንኤም (የካንሰርን ደረጃ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ምደባ) 7ኛ እትም ሲሆን፣ የዕድሜ ድንበሩ 45 ስለነበር ከዚያ በላይ የሆነና የአንገቱ መሃል ንፍፊት የተነካበት ሰው ደረጃ 3 ይባል ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት 8ኛው እትም ድንበሩን ወደ 55 አሳድጎታል። ከዚያ በታች የሆነ ሰው ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል እስካልተሰራጨ ድረስ፣ ንፍፊቱ ተነካም አልተነካም ደረጃ 1 ነው፤ ቢሰራጭ እንኳ ከደረጃ 2 አያልፍም።

ይህ ለሰሚው ግር ይላል፤ እኔም ለታካሚዎቼ ሳስረዳ ጊዜ ወስጄ ነው። ቲኤንኤም የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሰውየው በዚህ ካንሰር የመሞቱ ዕድል ምን ያህል ነው? በደረጃ 1 ካሉት ውስጥ 98 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በ10 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር አይሞቱም። «መካከለኛ ስጋት» የሚለው ግን የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2015 ካወጣው መመሪያ የመጣ ነው፤ እሱ የሚጠይቀው ሕመሙ ያገረሽ እንደሆነ ነው። ከ5 በላይ ንፍፊቶች ሲነኩ የማገርሸቱ ዕድል 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሰው የመሞት ስጋቱ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል፤ እህትዎ ያሉትም በዚህ ቦታ ላይ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ የዕድሜ ድንበሩ ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። እህትዎ በዚሁ ሕመም 55 ዓመት ቢሆናቸው ኖሮ ደረጃ 2 ይባሉ ነበር፤ ካንሰሩ ግን የልደት ቀን ቆጥሮ ባሕርዩን አይለውጥም። በ1993 በአሜሪካ ካለው ማዮ ክሊኒክ ከተባለ ሆስፒታል የወጣው ማሲስ የተባለው ስሌት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ከ40 ዓመት ጀምሮ ዕድሜን በ0.08፣ የካንሰሩን መጠን በሴንቲ ሜትር በ0.3 አባዝቶ ይደምራል፤ ካንሰሩ ተጠርጎ ካልወጣ 1፣ በዙሪያው ወዳለው አካል ከዘለቀ 1፣ ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ 3 ይጨምራል። ለእህትዎ፣ ካንሰሩ ተጠርጎ ወጥቶ ከሆነ፣ 4.16 ሲደመር 0.9፣ 5.06 ይሆናል። ከ6 በታች ካላቸው ውስጥ 99 በመቶው በ20 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር አልሞቱም። በ55 ዓመታቸውም ቢሰላ 5.30 ነው፤ ያው ከ6 በታች። ጉድለቱ ደግሞ ንፍፊትን ጨርሶ አለመቁጠሩና ለፓፒላሪ ብቻ መሠራቱ ነው፤ ስለ ማገርሸት ከእሱ መልስ አይጠብቁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ከእንግዲህ የምንከታተለው የትኛውን ቁጥር ነው?

መልስ 1፦
እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን በተገኘ መረጃ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የማገርሸት ስጋቱ ግን በክትትል ውጤት እየታየ እንደገና ይመዘናል። ዕጢው ወጥቶ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ከተሰጠ በኋላ፣ የሆርሞን ክኒን እየተወሰደ ታይሮግሎቡሊኑ (የታይሮይድ ሕዋሳት የሚሠሩት፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) በሚሊ ሊትር ከ0.2 ናኖ ግራም በታች ከሆነና የአንገት አልትራሳውንዱም ንጹሕ ከሆነ፣ መጀመሪያ መካከለኛ የተባለ ሰው የማገርሸት ዕድሉ ከ1 እስከ 4 በመቶ ይወርዳል። ከታይሮግሎቡሊኑ ጋር ፀረ ታይሮግሎቡሊን አንቲቦዲ አብሮ እንዲለካ ይጠይቁ፤ እሱ በደም ውስጥ ካለ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ምርመራውም በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን፤ መለኪያው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሁለት ላቦራቶሪ ቁጥር ማነጻጸር ያሳስታል።