የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከእርሾ የፕሮቲን ጥምረቶች የትኛውን እንያዝ?

ከደሴ (አስተባባሪ)፦ እንደምን አመሻችሁ። የባዮሎጂ መምህራን ማኅበራችን በወሎ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት አንድ የጋራ ፕሮፖዛል እንዲያዘጋጅ መስማማታችን ይታወሳል። ርእሱ እርሾ ስትራብ የገዛ ክፍሎቿን ጠቅልላ የምትበላበት ሂደት፣ ማለትም ኦቶፋጂ፣ እና ይህን የሚያከናውኑት የፕሮቲን ጥምረቶች ቅርጽ ነው። ረቂቄ ሁሉንም ይዟል (ኤቲጂ የኦቶፋጂ ፕሮቲኖች የጋራ መለያ ነው፤ ቁጥሩ አንዱን ከሌላው ይለያል)፦ የኤቲጂ1ን ጥምረት፣ የቪፒኤስ34ን፣ ኤቲጂ9ን፣ ኤቲጂ2ን ከኤቲጂ18 ጋር፣ ኤቲጂ8ን ከቅባት ጋር የሚያጣብቁትንም። ሳትራሩ ተቹት።

ከኮምቦልቻ፦ እህታችን፣ ድካምሽ ይታየኛል፤ ረቂቁ ግን የስም ማውጫ ሆኗል። ተማሪው ቁጥር ሸምድዶ ይወጣል እንጂ ምንም አይገባውም። አንዱን ብቻ እንውሰድ፦ ከኤቲጂ1 ጥምረት ውስጥ ኤቲጂ17፣ ኤቲጂ31 እና ኤቲጂ29 የተያያዙበትን ክፍል። ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርጎ በኤክስሬይ በመመርመር ታውቆ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፕሮቲን መዝገብ ውስጥ በነጻ ይገኛል። ኤቲጂ17 እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ሁለት ኤቲጂ17 በጫፋቸው ሲገጠሙ የላቲኑን የኤስ ፊደል ይመስላሉ። የጉብጠቱ ራዲየስ 10 ናኖሜትር ያህል ነው። ምስሉን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ትንሿ የቅባት ከረጢት ከሆዱ ላይ ልክክ ትላለች» ነው። ነገር ግን ኤቲጂ31 እና ኤቲጂ29 የተጣበቁት በዚያው በጎድጓዳው በኩል ነው፤ ቦታው ተይዟል። ታዲያ ከረጢቷ የት ትቀመጥ? እኔ ለተማሪ የምሰጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱን ሳልነግረው።

ከወልድያ፦ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ይጨመር። ያ ቅርጽ የተገኘው ከዳቦ እርሾ ሳይሆን ላቻንሲያ ተርሞቶለራንስ ከምትባል ሙቀት ቻይ ዘመዷ ነው። ይህን በግልጽ ካልጻፍን ገምጋሚው ቀድሞ የሚይዘን እዚያ ላይ ነው። ሌላው ኤቲጂ13 ነው። እርሾዋ በጠገበች ጊዜ ቶርክ1 የሚባለው ጥምረት ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ስትራብ ፎስፌቱ ይነሣለታል፣ ከኤቲጂ17 ጋርም አጥብቆ ይያያዛል። ቋሚ ቅርጽ የሌለው ረጅም ክፍል ስላለው አንዱን የኤቲጂ17 ጥንድ ከሌላው ጋር ያስተሳስራል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት ስብስቡ በሴሉ ውስጥ የፈሳሽ ጠብታ ጠባይ አለው። ክሪስታሉን ብቻ ካሳየን ተማሪው ነገሩ ሁሉ ግትር ይመስለዋል።

ከሐይቅ፦ አብሽሩ፣ ለግትርነቱ መላ አለ። ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ በሽቦና በሸክላ ጭቃ እንሥራው፣ ኤቲጂ13ን ደግሞ በገመድ። አንድ ናኖሜትር በአንድ ሴንቲሜትር ቢሰላ የኤቲጂ17 ጉብጠት ራዲየስ 10 ሴንቲሜትር፣ የቅባት አመላላሹ የኤቲጂ2 ዘንግ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ስሌት አምስት ማይክሮሜትር የምትሆን እርሾ ከዳር እስከ ዳር 50 ሜትር ናት! ሜዳው ላይ በኖራ እናሰምራታለን፤ ተማሪው ጭቃውን በእጁ ይዞ መሀሏ ይቆማል።

ከመርሳ፦ ኤቲጂ9 ቀረ ማለት ነው? ቅር ብሎኛል። ሦስት ሆኖ ተጣምሮ የሚጠቀልለውን የቅባት ሽፋን የሚያቋርጠው፣ ቅባቱን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያገላብጠው እሱ ነው። ኤቲጂ2 የሚያመጣውን ቅባት የሚያከፋፍል ከሌለ ሽፋኑ በምን ያድጋል?

ከኮምቦልቻ፦ ይግባ፤ ዋናው ግን አይሁን። ይልቅ ፕሮፖዛሉ በዓይን የሚታይ ነገር ጎድሎታል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ለ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የበቃበት ሥራ የተነሣው ከብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ናይትሮጅን ተነፍጋ የተራበች እርሾ የቫኩዎሏ (በሴሉ ውስጥ ያለው የመፍጫ ከረጢት) ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞች ከታገዱ የተጠቀለሉት እንክብሎች ሳይፈጩ ይከማቻሉ። በቫኩዎሉ ውስጥ ሲርመሰመሱ ይታያሉ፤ አንድም ቦታ አይረጉም። መቶ እጥፍ የሚያጎላ ሌንስና የሌንስ ዘይት ካለ ደሴ ላይ የማይታይበት ምክንያት የለም።

ከወልድያ፦ ኢንዛይሞቹን የሚያግደው ኬሚካል ፒኤምኤስኤፍ ከሆነ መርዝ ነው፤ ተማሪ እጅ አይግባ። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይሠራ፣ ይቀረጽ፣ ለትምህርት ቤቶች ቪዲዮው ይላክ። ደግሞ የእንጀራ እርሾ እንዳታመጡ፤ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን የተቀላቀሉበት ነው። የታሸገ የዳቦ እርሾ ይገዛ።

ከደሴ (አስተባባሪ)፦ እሺ፣ ረቂቄን ሰርዤዋለሁ። የኤቲጂ17ን ክፍል ጋሼ ይጻፉልን። ወልድያ ኤቲጂ13ንና የጥንቃቄውን ደንብ፣ ሐይቅ የሞዴሉን ወጪ ትይዛላችሁ። ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። መርሳ፣ ለኤቲጂ9 ሦስት መስመር ተሰጥቶሃል።

ከመርሳ፦ ሦስት መስመር ለሦስት ቅጂ፤ ተቀብያለሁ። ኖራው ግን በማን በጀት ነው?