የኢንተርስቴላር ሙዚቃ ግምገማ ላይ ቆሜ ቀረሁ

ሰላም፣ ለፊልም ክበባችን የኢንተርስቴላርን (2014) ሙዚቃ ልገመግም ተቀምጬ አንድ አንቀጽ ላይ ሦስት ቀን ፈጀሁ። የሙዚቃው ደራሲ ሀንስ ዚመር ለንደን ቴምፕል ቸርች የሚባል ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለውን የቧንቧ ኦርጋን ነው ያስቀዳው፣ ውሃ ብቻ የሆነው ፕላኔት ላይ ደሞ ከስር እንደ ሰዓት ቋ ቋ የሚል ድምጽ አለ፣ እዛ አንድ ሰዓት ማለት ምድር ላይ 7 ዓመት ስለሆነ በሰማሁት ቁጥር ሆዴን ይረብሸኛል። ድምጹን አጥፍቼ ሳየው ያው ትዕይንት ሞተብኝ። ሙዚቃውን ለብቻው በኢርፎን ስሰማው ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቸኝ፣ እንደውም እንቅልፍ ወሰደኝ። (ጠፈርተኞቹ ትንሿን መንኮራኩራቸውን ከሚሽከረከረው ትልቁ የጠፈር መንኮራኩር ጋር ሊያገጣጥሙ ሲታገሉማ ኦርጋኑ ንግግሩን ስለዋጠው ሰብታይትል ከፍቼ ነው የጨረስኩት።) እና ለብቻው የሚያሰለች፣ ፊልሙ ውስጥ ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ሙዚቃ ሲገጥማችሁ ነጥብ የምትሰጡት በየትኛው ነው?