ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን፦ 4.0 ማለፊያ የሆነበት አገር

ጥያቄ
ጤና ይስጥልን። ከአዲስ አበባ ሦስት ተማሪዎች በኢራስመስ ፕላስ ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን ሊሄዱ ነው። ቪዛውም የጤና መድኑም ተዘጋጅቷል። የቀረው የትምህርቱና የአኗኗሩ ባህል ነው። እዚያ ያላችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ከላይፕዚግ
ከሁሉ በፊት ስለ ፈተና ይወቁ። አገር ቤት ተማሪው በሴክሽኑ ይመደባል፣ ፕሮግራሙ ይለጠፍለታል፣ ቀኑ ሲደርስ ገብቶ ይፈተናል። እዚህ ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፈተናው ምዝገባ ከፈተናው ሳምንታት ቀደም ብሎ በዩኒቨርሲቲው ፖርታል ይከፈትና ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር የተማረ ልጅም ቢሆን አይፈተንም። ተመዝግቦ ያለ ሐኪም ማስረጃ የቀረ ደግሞ 5.0 ይያዝበታል፤ ወደቀ ማለት ነው። አስተማሪው አያስታውስም፣ ቢሮውም አይደውልም። ልጆቹ ይህንን እንደ ንቀት እንዳያዩት አደራ፤ ተማሪ ራሱን የቻለ አዋቂ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሩፉንግስአምት ለሚባለው የፈተና ቢሮ ኢሜይል ጽፈው የልውውጥ ተማሪ በፖርታል ይመዘገብ እንደሆነ ወይም በወረቀት ፎርም ይጠይቁ። ይህ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዴም ከክፍል ክፍል ይለያያል።

ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። 1.0 ከሁሉ የላቀ፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። አዲስ አበባ 4.0 የሚያሸልም ነጥብ ስለሆነ፣ የጀርመኑ ትራንስክሪፕት የነጥብ ማብራሪያ ሳይያያዝበት ለሬጅስትራር ከቀረበ 1.3 ያመጣ ጎበዝ እንደ ሰነፍ ሊታይ ይችላል። ማብራሪያውን ከመመለሳቸው በፊት ይጠይቁ። ርቀው ከሄዱ በኋላ ማስላክ ያደክማል።

ሰዓትም አለ። ከሰዓቱ ጎን «ሲ ቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ ትምህርቱ ከተጻፈው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀመራል፤ «ኤስ ቲ» ከሆነ ልክ በሰዓቱ ነው። «ሃልብ ድራይ» የሚለው ቃል በቃል «ግማሽ ሦስት» ነውና ጆሯችን ሦስት ተኩል ብሎ ይሰማዋል። ትርጉሙ ግን ሁለት ተኩል ነው፣ ያውም በፈረንጅ ሰዓት፤ ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ ስምንት ተኩል። በቃል ቀጠሮ ሲሰጣቸው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩ። የሚያፍሩበት ነገር የለውም።

ከፍራንክፈርት
ስለ ስም እኔ ልጨምር። እዚህ ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ስለሆነ፣ ልጅቷን በአባቷ ወይም በአያቷ ስም «ፍራው ተስፋዬ»፣ ማለትም ወይዘሮ ተስፋዬ፣ ይሏታል። መልመድ ነው። ፕሮፌሰሩንም በራሱ ስም ሳይሆን በቤተሰብ ስሙ ነው መጥራት። «ዚ» እንደ «እርስዎ»፣ «ዱ» እንደ «አንተ» ናቸው፤ ተማሪ ለተማሪ «ዱ» ይባባላል፣ ለአስተማሪና ለቢሮ ሰው ግን «ዚ» ነው።

ስሙ ከጨዋነትም በላይ ነው። ፖስተኛው ደብዳቤ የሚያደርሰው የፖስታ ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም አይቶ ነው። ስማቸው ካልተለጠፈ የባንክ ካርድም፣ የመንግሥት ደብዳቤም ወደ ላኪው ይመለሳል። ቤት በገቡበት ቀን፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም በትልልቁ ጽፈው ሣጥኑና ደወሉ ላይ ይለጥፉ። ከዚያ በ2 ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ የሚባለውን የአድራሻ ምዝገባ ያድርጉ። የኪራይ ውል ብቻውን አይበቃም፤ አከራዩ የሚፈርመው የመግቢያ ማረጋገጫ የግድ ነው። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ቶሎ አይገኝምና ገና አገር ቤት ሳሉ ቢይዙ ጥሩ ነው።

ከበርሊን
ይሉኝታውን ትንሽ ላላ ያድርጉት። ጀርመን «ትበላለህ?» ብሎ አንዴ ይጠይቃል። «አይ፣ በልቻለሁ» ከተባለ አመነ፤ «በሞቴ» የለም፣ ጉርሻም የለም። የራበው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ይበል። ካፌ አብረው ሲገቡ እያንዳንዱ የየራሱን ይከፍላል፤ የጋበዘ ከሆነ ጋባዡ አስቀድሞ ይናገራል። የልደት መልካም ምኞት ከቀኑ በፊት አይነገርም፣ ገድ የለውም ይላሉ።

በሴሚናር ላይ ዝም ማለት እንደ አክብሮት አይቆጠርላቸውም፤ ያላነበበ ይመስላል። አስተማሪን አይን አይኑን እያዩ «እዚህ ላይ አልስማማም» ማለት ድፍረት አይደለም፣ ምክንያቱ እስከተነገረ ድረስ። የሌክቸሩ ማብቂያ ላይ ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ ሲያንኳኳ አይደንግጡ፤ ጭብጨባቸው ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። እናቶቻቸው ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤና ቋንጣ እያሰናዱ ነው። ያስገባል?

ከበርሊን
ቅቤውንና ቋንጣውን እንዲተዉት ይንገሯቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። የእናት ድካም ባክኖ እንዳይቀር። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ቡናውን ግን ተቆልቶ ያምጡት። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የጭስ ጠቋሚ በሕግ ይተከላል፣ ቡና መቁላትም ዕጣን ማጨስም ያስጮኸዋል። የተማሪዎች መኖሪያው ጠቋሚ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ከሆነ የመኪናው መምጫ ሒሳብ ተማሪው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የጸጥታ ጊዜ ነውና ሙቀጫውንም በቀን ይውቀጡ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ስኳሩ ቅዳሜ ይገዛ።

ከፍራንክፈርት
አንድ ረስቼ ነበር። ሩንድፉንክባይትራግ የሚባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ አለ፣ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። በጋራ ቤት ከሆኑ አንዱ ብቻ ይከፍልና ሌሎቹ የእሱን የክፍያ ቁጥር ለክፍያ ቢሮው ይጽፋሉ። ሲመለሱ አብሜልዱንግ፣ ማለትም የመልቀቂያ ምዝገባ፣ ለመውጣታቸው 1 ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በፊት አይሆንም። የሚሰጣቸውን ማረጋገጫ ኮፒ ለክፍያ ቢሮው ይላኩ፤ ካልላኩ ሒሳቡ በስማቸው መቁጠሩን ይቀጥላል።